ምዕራፍ ሰባት፦ ፍርሃት የሚያዞረው ወፍጮ

በአምስተኛው ምዕራፍ አንዱ የነርቭ ሕዋስ ለሌላው መልእክቱን የሚያደርሰው በመካከላቸው ባለችው እጅግ ጠባብ ክፍተት ውስጥ በሚያፈሰው ንጥረ ነገር መሆኑን፣ በስድስተኛውም ምዕራፍ ኤዲኤችዲ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ሕመም በሕፃናት ጠባይ ላይ እንዴት እንደሚገለጥ ተመልክተናል። የዚህ ምዕራፍ ነገር ደግሞ ያ ሕፃን አድጎ፣ ትዳር ይዞ፣ ደመወዝ እየተቀበለና የቤት ኪራይ እየከፈለ በሚኖርበት ዕድሜ የሚደርስበት፣ እንዲሁም መድኃኒት በዕለት ኑሮው ላይ የሚያመጣው ለውጥ ነው።

የሕክምና ሊቃውንት ሕመሙ ከሕፃንነት ጋር አብሮ የሚያልፍ ነው ብለው ለብዙ ዘመን ሲያምኑ ኖረዋል። በአሜሪካ በዩታ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት የአእምሮ ሐኪም ፖል ዌንደር ከባልደረቦቻቸው ጋር አዋቂ በሽተኞችን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1976 ካሳተሙ ወዲህ ግን ይህ እምነት ቀስ በቀስ እየተናደ ሄደ፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላም በዚያው አገር በ2006 የታተመ ሰፊ ጥናት ከመቶ አዋቂዎች 4.4 ያህሉ ሕመሙ እንዳለባቸው፣ ከእነዚህም መካከል 47 በመቶ የሚሆኑት ከመጠየቃቸው በፊት በነበረው አንድ ዓመት ውስጥ ከጭንቀት ሕመሞች ባንዱ የተያዙ እንደ ነበሩ ገለጸ። ይህ ቁጥር በችኮላ የሚታለፍ አይደለም። ትኩረቱ የሚበተንበት ሰው ግዴለሽ መሆን አለበት ብሎ መገመት የሁላችንም ልማድ ሆኖ ሳለ፣ ግማሽ ያህሉ ሌት ተቀን ልባቸው የሚሸበር ሰዎች ሆነው መገኘታቸው ምክንያት ሊፈለግለት ይገባል።

የቤተ ክርስቲያን መምህራን የሰውን ሥራ ኃልዮ፣ ነቢብና ገቢር ብለው በሦስት ይከፍሉታል፤ ማሰብ፣ መናገርና መሥራት ማለት ነው። በዚህ ሕመም የተያዘ ሰው ኃልዮው ሙሉ ነው፤ ነቢቡማ አንዳንድ ጊዜ ከልክ አልፎ የሌላውን ንግግር እስከ ማቋረጥ ይደርሳል፤ እንቅፋት የሚያገኘው ካሰበው ወደ ሥራው በሚሻገርበት ስፍራ ነው። ማድረግ የሚገባውን ያውቃል፣ ሊያደርገውም ይወዳል፣ ሳያደርገውም ይመሻል። ቤተ ሰቡና አለቃው ይህን ሀኬት ይሉታል፤ እርሱም ራሱ ከሁሉ ይልቅ አጥብቆ ሀኬት ይለዋል።

ቦዩ፣ ጎርፉና ድንጋዩ

በወንዝ ዳር የተተከለ የውሃ ወፍጮ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ውሃው ከወንዙ ተጠልፎ በቦይ ይመጣል፤ ቁልቁል ወርዶም መዘውሩን ይመታል፤ መዘውሩ ደግሞ የወፍጮውን ድንጋይ ያዞራል። ድንጋዩ ደኅና፣ እህሉ ንጹሕ፣ ባለ ወፍጮውም ትጉህ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ቦዩ ተሸንቁሮ ከውሃው የሚበዛው በመንገድ እየሰረገ የሚቀር ከሆነ፣ መዘውሩ ይነቀነቃል እንጂ አይዞርም፤ ባለ ወፍጮውን መምከር፣ መገሠጽ፣ በሰው ፊትም ማሳፈር ለድንጋዩ አንዳች አይፈይድለትም። ዳሩ ግን በላይ በደጋው ዝናም ጥሎ ወንዙ በሞላ ጊዜ፣ ቦዩ እንደ ተሸነቆረ ቢሆንም እንኳ፣ ከሚሰርገው ይልቅ የሚደርሰው ይበዛልና ያ ቆሞ የዋለ ድንጋይ በድንገት ይዞራል፤ መዞር ብቻም ሳይሆን ይከንፋል፤ እህሉ ሳይልም ይወጣል፤ መዘውሩም ይንገጫገጫል።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ድንጋዩ ከግንባራችን በስተ ኋላ ያለው የአንጎል ክፍል ነው፤ ሥራን በቅደም ተከተል የሚያሰናዳው፣ ለጊዜው የማይፈለገውን ሐሳብ ገታ አድርጎ የሚያቆየው፣ የጀመረውንም እንዳይረሳ በልቡና የሚይዘው እርሱ ነው። ውሃው ደግሞ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉት ሁለቱ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ጎርፉስ ምንድር ነው ቢሉ፣ ፍርሃት ነው።

የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ለማስረከብ ሦስት ሳምንት የተሰጣትን አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ እናስብ። በየማለዳው ፋይሉን ትከፍተዋለች፤ ከፍታም ሌላ ነገር ትዝ ይላትና ትነሣለች፤ ስትመለስ ከየት እንደ ጀመረች ይጠፋታል፤ ሦስቱ ሳምንት በዚህ ያልቃል። በመጨረሻው ሌሊት ግን ልቧ መምታት፣ እጇም መቀዝቀዝ ይጀምራል፤ በዚያን ጊዜ የሃያ ቀኑን ሥራ እስኪነጋ ድረስ ትጨርሰዋለች። አለቃዋ «ስትፈልጊ እኮ ትችያለሽ» ይላታል፤ ይህ ምስጋና የሚመስል ቃል ከስድብ ይልቅ ይጎዳታል፤ ምክንያቱም የቀረው ጊዜ ሁሉ ባለመፈለጓ እንደ ባከነ ይመሰክርባታልና። እርሷም ከዚህ አንድ ክፉ ትምህርት ትቀስማለች፤ ይኸውም ካልፈራች የማትሠራ መሆኗን ነው። ከዚያ በኋላ ፍርሃቱ በራሱ እስኪመጣ አትጠብቅም፤ ከሥራ ስትባረር፣ ልጇን ከትምህርት ቤት ሳታመጣ ስትረሳ፣ በዘመድ ፊት ስታፍር በሐሳቧ እየሳለች ራሷ ትጠራዋለች። ቁልፏን በቦርሳዋ ውስጥ ደጋግማ የምትዳስሰው፣ ለቀጠሮም ከሰው ሁሉ ቀድማ ደርሳ በር ላይ የምትቆመው፣ ሌሊትም የነገውን ስትቆጥር እንቅልፍ የሚነሣት በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ጭንቀቱ በሕመሙ ላይ በአጋጣሚ የተደረበ ሌላ ሸክም ብቻ አይደለም፤ ለብዙዎቹ የጎደለውን ውሃ የሚተኩበት፣ በገዛ እጃቸው የሚቀምሙት መድኃኒት ሆኗል ብዬ አስባለሁ።

ይህ ምሳሌ ብቻ ሆኖ የቀረ ነገር አይደለም። ሮበርት የርክስና ጆን ዶድሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1908 ባሳተሙት ጥናት አይጦች ከባድ የሆነውን ትምህርት ፈጥነው የሚማሩት ቅጣቱ ሲበረታ ሳይሆን መካከለኛ ሲሆን ነው ብለው ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ በየል ዩኒቨርሲቲ ኤሚ አርንስተን በዝንጀሮዎች ላይ ባደረጉት ምርምር የነገሩን ሥር አሳዩ፤ በዚያ በአንጎል የፊት ክፍል ኖርአድሬናሊን በመጠን ሲገኝ ሥራውን ያቃናል፤ በድንጋጤ ጊዜ ከመጠን ሲያልፍ ግን ያው ንጥረ ነገር ሌላ ዓይነት ተቀባይ ይነካና ክፍሉን ጨርሶ ሥራ ያስፈታዋል። የፈራ ሰው የሚያውቀውን የሚረሳው፣ ተማሪም በፈተና ወረቀት ፊት ባዶ የሚሆነው ስለዚህ ነው። ያች የሒሳብ ሠራተኛ በአንድ ሌሊት የጨረሰችው ሪፖርት በማግስቱ ስሕተት የሚገኝበትም ስለዚሁ ነው።

ሽንቁሩን የሚደፍነው ክኒን

መድኃኒቱ የተገኘው ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው። በአሜሪካ በሮድ አይላንድ የሕፃናት ሆስፒታል ያገለግሉ የነበሩት ዶክተር ቻርልስ ብራድሊ ለምርመራ ከአከርካሪያቸው ፈሳሽ የተቀዳላቸው ልጆች ራስ ምታት ይይዛቸው ስለ ነበር፣ ያስታግሳቸው ይሆናል ብለው ቤንዜድሪን የሚባል የአምፌታሚን መድኃኒት ይሰጧቸው ጀመር። የራስ ምታቱ ነገር ብዙም አልተሻለ፤ መምህራኑ ግን ልጆቹ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ሒሳባቸውን ሲሠሩ አይተው ተደነቁ። ብራድሊ እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተሙት ጽሑፍ ከ30 ልጆች መካከል 14ቱ በትምህርታቸው የሚያስገርም መሻሻል ማሳየታቸውን ገለጹ፤ ልጆቹም ራሳቸው መድኃኒቱን የሒሳብ ክኒን ይሉት ነበር ይባላል። በ1944 ደግሞ በስዊዘርላንድ በባዝል ከተማ ሲባ በሚባለው ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሊያንድሮ ፓኒዞን ሜቲልፌኒዴትን ቀመመ፤ ሪታሊን የሚለው የንግድ ስም የተወሰደው ቴኒስ ከመጫወቷ በፊት ትወስደው ከነበረችው ከሚስቱ ከሪታ ስም ነው።

አሠራሩን ለመረዳት በአምስተኛው ምዕራፍ ያልነውን አንድ ነገር ማስታወስ ይበቃል፤ መልእክተኛውን ንጥረ ነገር ያፈሰሰው ሕዋስ ብዙ ሳይቆይ መልሶ ይመጠዋል። ሜቲልፌኒዴት ይህን የመምጠጫ በር ይዘጋል፤ ዶፓሚኑና ኖርአድሬናሊኑ በክፍተቱ ውስጥ ዘለግ ላለ ጊዜ ይቆያሉ። አምፌታሚን ግን በሩን ከመዝጋቱም በላይ በሕዋሱ ውስጥ የተከማቸውን ወደ ውጭ ይገፋል። አቶሞክሰቲን የተባለው ሦስተኛው መድኃኒት ከእነዚህ ከአነቃቂዎቹ ወገን ሳይሆን በተለይ የኖርአድሬናሊንን መመለሻ የሚዘጋ ነው፤ ኃይሉም የሚታወቀው በሰዓታት ሳይሆን በሳምንታት ነው። በወፍጮው ቋንቋ ብንናገር፣ መድኃኒቱ ጎርፍ ሳይጠራ ቦዩን ይጠግናል፤ በጋም ቢሆን ድንጋዩ በለሆሳስ ይዞራል። እህል ግን አይጨምርም። ያልተማሩትን አያስተምርም፤ ሰነፍ የሚባለውን ሊቅ፣ ሊቁንም ጻድቅ አያደርግም፤ ገለባ ያፈሰሰበት ሰውም ገለባውን አልሞ ይወስዳል።

ቀኑ እንዴት ይለወጣል

መድኃኒቱ የተስማማው ሰው የመጀመሪያውን ቀን ሲያስታውስ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ብርታት አይደለም፤ ስለ ጸጥታ ነው። ሐሳቡ አንድ በአንድ ይመጣል። ከአልጋው ተነሥቶ ፊቱን ለመታጠብ ከራሱ ጋር አይከራከርም፤ ሳህኑን አይቶ ያጥበዋል፤ የመብራቱን ሂሳብ ከማለፉ በፊት ይከፍለዋል። ጤነኛ ሰው ይህን ቢሰማ ምን ይደንቃል ይል ይሆናል፤ ነገር ግን ለአርባ ዓመት ያህል በየዕለቱ ጥቃቅኑን ሥራ በፍርሃት ጉልበት ሲሠራ ለኖረ ሰው፣ ያለ ፍርሃት የታጠበ ሳህን ትልቅ ነገር ነው።

በቤት ውስጥ የሚታየው ለውጥ ከሁሉ ይልቅ በጨዋታ ላይ ነው። ባል ሚስቱ የምትነግረውን እስከ መጨረሻው ያደምጣል፤ በመካከሉ ተነሥቶ አይሄድም፤ ነገሩንም ነጥቆ ራሱ አይጨርስላትም። የምትመጣበትን ቁጣ ከመናገሩ በፊት አንድ ጊዜ ይመለከታታል፤ ያችም የምታህል ፋታ ስንት ጠብ እንደምታስቀር ባለ ትዳር ሁሉ ያውቃል። በጎዳናም ላይ እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የታተመ፣ ከ2.3 ሚሊዮን በላይ የሕመሙ ባለቤቶች የተቈጠሩበት ጥናት ያንኑ አንድ ሰው መድኃኒት በያዘበትና ባልያዘበት ወር እያነጻጸረ ሲመረምር፣ በመኪና ግጭት ምክንያት ወደ ድንገተኛ ክፍል መግባት መድኃኒት በተያዘበት ወር በወንዶች 38፣ በሴቶች 42 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል።

ከዚህ ጋር የማይነገር ኀዘን አለ። መድኃኒቱ በሠራላቸው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አንዳንዶች ያለቅሳሉ፤ ያቋረጡትን ትምህርት፣ ያፈረሱትን ትዳር፣ በአባታቸው አፍ ሲሰሙት የኖሩትን ዘለፋ እያሰቡ፣ ነገሩ ሕመም ከነበረ ያ ሁሉ ወቀሳ ለምን ነበር ይላሉ። ለዚህ ክኒን የለም።

ፍርሃቱስ?

እዚህ ላይ ሐኪምም በሽተኛም የሚሳሳቱበት ስፍራ ስለ ሆነ ዘግየት ብለን እንሂድ። ጭንቀቱ ከላይ እንዳልነው ቦዩ ስለ ተሸነቆረ የተጠራ ጎርፍ ከሆነ፣ ቦዩ ሲጠገን ሥራ ያጣል፤ ሥራ ያጣ ፍርሃትም በጥቂት ወራት እየሳሳ ይሄዳል፤ ሰውየው ለጭንቀቱ የተለየ መድኃኒት ሳይወስድ ሌሊቱን ይተኛል። ነገር ግን ጭንቀት ሁሉ እንዲህ አይደለም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ በሰው ፊት መቆም የሚያስፈራው፣ ወይም ድንገተኛ ሽብር እየወረደበት ሞቴ ደረሰ የሚል ሰው ጭንቀቱ የራሱ ሥር አለው፤ የራሱንም ሕክምና ይሻል። ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚታዘዙት የሴሮቶኒንን መመለሻ የሚዘጉት መድኃኒቶች ናቸው፤ ከእነዚህ መካከል ስሙ የገነነው ፍሉኦክሰቲን በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1987 መጨረሻ ነው። እነዚህ ዘገምተኞች ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቀቱን ያባብሱ ይመስላሉ፤ ጥቅማቸው የሚታወቀው ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ነውና፣ በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ የጣለ ሰው መድኃኒቱን አልሞከረውም ማለት ይቻላል። ቫሊየምን የመሳሰሉት ማስታገሻዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ ያረጋጋሉ፤ ሲለምዱ ግን ለመተው ያስቸግራሉ፣ ያንኑ የደከመ ትኩረትም የባሰ ያደበዝዛሉ።

ደግሞ ሌላ አለ። ውሃው አስቀድሞ በሞላበት ሰው ላይ አነቃቂ መድኃኒት ሲጨመር ድንጋዩ ይከንፋል፤ ልቡ ይመታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አፉ ይደርቃል። እነዚህ ምልክቶች ከድንጋጤ ምልክቶች ጋር አንድ ስለ ሆኑ፣ መድኃኒቱ በልብ ላይ ያመጣውን ሰውየው የገዛ ፍርሃቱ ይመስለዋል፤ ስለ ፈራም በእውነት ይፈራል። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል፣ ወይም ወደ አቶሞክሰቲን ያዛውራል፣ ወይም አስቀድሞ ጭንቀቱን ያክማል፤ ከሁለቱ ሕመሞች የትኛው ይቅደም ለሚለው ጥያቄ የተለመደው መልስ ኑሮውን አብልጦ የሚያሰናክለው ይቅደም የሚል ነው።

የሁሉ አሳዛኝ ግን ኤዲኤችዲው ሳይታወቅ ጭንቀቱ ብቻ የታከመለት ሰው ነው። ይረጋጋል፤ እንቅልፉም ይመለሳል፤ ሥራው ግን ከፊተኛው ይልቅ ይቆማል፤ ጎርፉ ቀርቶ ቦዩ እንደ ተሸነቆረ ነውና። ቤተ ሰቡ መድኃኒቱ አሰነፈው ይላል። ሐኪም የዘንድሮውን ብቻ ሳይሆን የትምህርት ቤት ዘመኑን፣ ቢቻልም ከእናቱ አፍ፣ እንዲጠይቅ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው፤ ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመሩ መሆን አለባቸው የሚለው ደንብ የወጣውም ያለ ምክንያት አይደለም።

በጉንጭ የተያዘው አነቃቂ

በአገራችን ስለዚህ ነገር የሚጽፍ ሰው ጫትን ዘሎ ሊያልፍ አይችልም። በለጋው ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን፣ እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ተለይቶ የታወቀው፣ በተፈጥሮው የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው፤ እንደ እርሱም ዶፓሚንን ከሕዋሱ ወደ ውጭ ይገፋል። ለፈተና የሚያጠና ተማሪና ሌሊቱን የሚነዳ የጭነት መኪና ሹፌር በቅጠሉ ላይ የሚፈልጉት ምን እንደ ሆነ ከዚህ ይገባናል። የሚቅም ሁሉ ሕመሙ አለበት ማለቴ አይደለም። ዳሩ ግን ያለባቸው አንዳንዶች ሐኪም ሳያዝላቸው፣ የሚወስዱትንም መጠን ሳያውቁ ራሳቸውን ሲያክሙ መኖራቸውን እጠረጥራለሁ።

ልዩነቱ በመጠንና በጊዜ ነው። ቀስ ብሎ እየሟሟ የሚሠራው የሜቲልፌኒዴት ክኒን ጠዋት ተውጦ ከ10 እስከ 12 ሰዓት በእኩልነት ይቆያል፤ ጫቱ ግን ምርቃናውን አምጥቶ ሲያበቃ ሰውየውን በድብርት ይጥለዋል፤ እንቅልፍም ስለሚነሣው ለጨብሲ ወደ መጠጥ ይሄዳል፤ በማግስቱ ሐራራው ይጠብቀዋል። የታዘዘለትን መድኃኒት እየወሰደ በዚያው ላይ የሚቅም ሰው ልቡንና የደም ግፊቱን በእጥፍ ያስቸግራልና ነገሩን ከሐኪሙ ሊሰውር አይገባውም። ቡናም በብዛት ሲጠጣ ከዚሁ ይቆጠራል፤ ሦስተኛውን ስኒ መተው ለአገራችን ሰው ከባድ እንደ ሆነ ባውቅም።

መጠን

ሕክምናው የሚጀመረው በትንሹ ነው። ሐኪሙ የልብ ትርታን፣ የደም ግፊትንና ክብደትን መዝግቦ፣ የልብ ሕመም በሰውየው ወይም በዘመዶቹ ላይ እንዳለ ጠይቆ፣ ከዚያ በኋላ መጠኑን በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ከፍ ያደርጋል። ለአንዱ የበቃው ለሌላው ስለማይበቃ የጎረቤት ክኒን መዋስ ከንቱ ነው፤ አደገኛም ነው። ሌሎች መድኃኒቶችም ይቈጠራሉ፤ ለምሳሌ ፍሉኦክሰቲን የአቶሞክሰቲንን በጉበት መፈጨት ስለሚያዘገየው፣ ሁለቱን አንድነት የሚወስድ ሰው ሳያስበው የበዛ መጠን በደሙ ውስጥ ይከማችበታል።

አነቃቂዎቹ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋሉ፤ ከእኩለ ቀን በኋላ የተወሰዱ እንደ ሆነም እንቅልፍ ይነሣሉ። ይህ በተለይ ጾመኛውን ይመለከታል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው መድኃኒቱን በማለዳ ከዋጠ ረኃቡ አይሰማውም፤ አለመሰማቱ ግን ሰውነቱ አልጎደለበትም ማለት አይደለም፤ ማታ ኃይሉ ሲያልቅ ረኃቡ፣ ድካሙና ብስጭቱ በአንድነት ይመጡበታል። በረመዳን የሚጾመውም እንዲሁ ክኒኑን ከሱሑር ጋር ማድረግ ይችል እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። በምሽት የሚመጣው ብስጭት ከጾም ውጭም የታወቀ ነው፤ ባለ ትዳሮች ከባዱን የገንዘብ ክርክር ከዚያች ሰዓት ቢያርቁት መልካም ይሆናል።

አምፌታሚንና ሜቲልፌኒዴት እ.ኤ.አ. በ1971 በተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት በጥብቅ ቁጥጥር ሥር የዋሉ በመሆናቸው፣ በአንዱ አገር በሐኪም ማዘዣ የተገዛው በሌላው ኬላ ላይ ወንጀል ሊሆን ይችላል። ከዋሽንግተን ወደ ዱባይ ዘመድ ለመጠየቅ የሚሄድ ሰው ማዘዣውን መያዙ አይበቃውም፤ ከመሳፈሩ በፊት የዚያን አገር ፈቃድ መጠየቅ አለበት።

መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ አሁንም ያስፈልገው እንደ ሆነ ከሐኪሙ ጋር ይመረምራል፤ አንዳንዱ ለዕድሜ ልክ ይይዘዋል፣ አንዳንዱም ኑሮውን ካደራጀ በኋላ ይተወዋል፤ የሴሮቶኒኑን ወገን የሚወስድ ግን ቀስ በቀስ እየቀነሰ እንጂ በአንድ ቀን አያቆምም። ቦዩ ከተጠገነ በኋላ ሊሠራ የሚገባው፣ ማለት ጊዜን በጽሑፍ መያዝ፣ ሥራን መቈራረጥና ከፍርሃት ሌላ መነሻ መልመድ፣ የሚቀጥለው ምዕራፍ ነገር ነው።